ክስ ያልተነበበበት ችሎት

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

እኔ ራሴ ሕግ ልማር አገር አቋርጬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ያለ ማስረጃ ማንንም አትመኑ ከሚሉት ወገን ነኝ። አሁን ግን ማስረጃ አምጪ ብትሉኝ የለኝም። ያለኝ ይሄ የምጽፍበት ስልክና ይሄ አጠገቡ የተቀመጥኩበት መስኮት ብቻ ነው...

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ ሆኗል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጨለማ አልነበረም። ዝናብ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይዋ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይደርስብኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። እኔ በምላሴ የጀመርኩትን የሰፈር ጠብ በጉልበቷ የምትጨርስልኝም እሷው ነበረች። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። ስለዚህ ያሳደገችኝ እታለም ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት እታለም ሕግ ልትማር አገር አቋርጣ ሄደች።

ሄዳም ቀረች...

አልጠፋችም። ስልክ ትደውላለች። ግን አንድም ቀን ለእረፍት ቤት አልመጣችም። አንዴ ፈተና ላይ ነኝ ትላለች፣ አንዴ ጥናት ላይ ነኝ ትላለች፣ አንዴ "በሚቀጥለው በእርግጠኝነት" ትላለች። የሷ ነገር ሲነሳ እማዬ የመኪናዋን መርገጫ ጫን ታደርገዋለች፤ ወሬው በመኪናው ጩኸት ይዋጣል። እኔ ናፍቆት መስሎኝ ነበር።

ውጤቴ ሲመጣ ሕግ ደረሰኝ። ያውም ቅርባችን ያለው ዩኒቨርሲቲ። ከቤቴ እየተመላለስኩ፣ የእማዬን እራት እየበላሁ ልማር ነው ብዬ ስፈነድቅ ስልኬ ጮኸ።

"ሚጡ... እኔ ጋ ነይ።"

ሚጡ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

"እታለም ደግሞ! እዚሁ ደርሶኛል እያልኩሽ?"

"አስቀይሪና ነይ። እዚህ ብቻዬን ነኝ..."

"ምን ሆነሻል?"

"ነይ ብቻ። በእናትሽ።"

ድምፅዋ ተሰበረ። እታለም ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እማዬን ሳማክራት ቀና ብላ አላየችኝም። መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች "እህትሽ ከጠራችሽ ሂጂ" አለችኝ። ከዚያ ብድግ ብላ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደችና ለካችኝ። ትከሻዬን... ወገቤን... ቁመቴን። ለመንገድ አዲስ ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው።

ስትለካኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?"

"ዝም ብለሽ ቁሚ።"

እኔም ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነሳሁ። ስሸኝ እማዬ አላለቀሰችም። አቅፋ ግን አልለቅ አለችኝ፤ ረዳቱ "ኧረ እናት፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው!" እስኪላት ድረስ።

ጆሮዬ ላይ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እህትሽ ያለችሽን እሺ በያት።"

መንገዱ አያልቅም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ትከሻዬን ትራስ አድርጎ አገር አቋረጠ፤ አንዴም ሂሳብ አልከፈለኝም። እኔ ደግሞ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን የወንጀል ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። ተከሳሽ መልስ የሚሰጠው ክሱ ከተነበበለት በኋላ ነው ይላል። ይሄን ከመስኮቱ ውጭ ላለው ሜዳ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበነብኩለት። ገና ሳልጀምር ጠበቃ ሆኜ ነበር።

አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። መሳቅ ከተባለ...

መናኸሪያ ስደርስ እታለም የለችም።

ደወልኩላት።

"ከግቢው መውጣት አይመቸኝም" አለችኝ። "ታክሲ ያዢና የድሮው ፍርድ ቤት በይው።"

"ሦስት ዓመት ሳታይኝ ቆይተሽ መናኸሪያ እንኳ አትመጪም?"

"ሚጡ... በቃ ነይ።"

ሆድ ባሰኝ። ቢሆንም ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር፤ መንገድ ሙሉ ሲቀልድ መጥቶ ሕንፃው ሲታይ ዝም አለ። በሩ ላይ አላወረደኝም። ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር አቆመ።

"ሻንጣ ይዣለሁ እኮ፣ ወንድሜ።"

"እዚህ ይሻላል" አለ። ሻንጣዬን አውርዶልኝ፣ መልሱን ሳይቆጥር ሰጥቶኝ ሄደ።

ሕንፃው ሰፊ ነው። ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ደረጃው መሐል መሐሉ በሰው እግር የተቦረቦረ። ፍርድ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ለሕግ ትምህርት ቤቱ እንደተሰጠ እታለም በስልክ ነግራኛለች። በሩ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

"ለማን ነሽ፣ ልጄ?"

ነገርኳቸው። ፊቴን አዩት። ቀጥሎ ቀሚሴን አዩት... ቀሚሴ ላይ ብዙ ቆዩ።

"እህቷ ነኝ፣ አባባ። እንመሳሰላለን?"

"ቀሚሱ ይመሳሰላል" አሉኝ።

ሻንጣዬን ተቀብለው ከወንበራቸው ሥር አስቀመጡት። "እዚህ ይቀመጥ፤ የሚወስደው ሰው ይወስደዋል" አሉ። እኔ ነኛ የምወስደው ብዬ አሰብኩ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እታለም ቆማ ነበር።

ሮጬ ተጠመጠምኩባት። ጠረኗ የለም። እታለም የራሷ ጠረን አላት፤ ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ሰው መሐል አገኛታለሁ። አሁን ግን ያቀፍኩት ግድግዳ መሰለኝ።

ስለቃት ቀሚሷን አየሁት።

ስትሄድ እማዬ የሰፋችላት ነው። የዚያኑ ቀን የለበሰችው... የእኔም ቁርጥ እሱን ነው፤ ያው አንገት፣ ያው እጅጌ፣ ያው ቀለም። እማዬ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ሰፍታ ኖሯል።

"ይሄን ቀሚስ እስካሁን አልጣልሽውም?"

"ይመቸኛል።"

እኔ የሰፊ ልጅ ነኝ። ሦስት ዓመት የተለበሰ ልብስ አንገቱ ይሳሳል፣ ብብቱ ይነጣል፣ ክርኑ ይላላል። የእታለም ቀሚስ ግን ገና አሁን ከመኪና የወረደ ይመስላል። ጫፉ ላይ እማዬ በጠመኔ ያሰመረችው መስመር ሳይቀር አለ። አንድ ጊዜ ቢታጠብ የሚጠፋ መስመር...

ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። "ወፍረሻል!" ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ሳቅኩ። ተውኩት።

ወደ ክፍሏ ስንወጣ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ሲወርዱ አገኘናቸው። እኛን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። ግድግዳውን ተለጥፈው፣ ዓይናቸውን መሬት መሬት አድርገው አለፉን። እታለም "እንዴት ዋላችሁ" አለቻቸው።

አንዳቸውም አልመለሱላትም።

"ምን አድርገሻቸው ነው?" አልኳት።

"ተከራክሬ ረትቻቸው።"

የድሮዋ እታለም ናት ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ክፍሏ በር ድረስ ብቻ ነው የቆየው። አልጋዋ ተነጥፏል፤ አንሶላው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አቧራ አለ። በጣት ስም የሚጻፍበት ዓይነት አቧራ።

"የት ነው የምትተኚው?"

"ምነው?"

"አልጋሽ አቧራ ነው እኮ።"

"ጥናት ይበዛል" አለችኝ። ቆማ ነበር። ከደረስኩ ጀምሮ አንዴም ቁጭ አላለችም። ሁለት እጆቿን ፊት ለፊቷ አጣምራ፣ አንገቷን ትንሽ ደፍታ ትቆማለች። አስተማሪ የሚጠይቃት ተማሪ ትመስላለች።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ እታለም።"

"ለምጄዋለሁ።"

ያን ሌሊት ደክሞኝ ስለነበር እንደ በድን ተኛሁ። ስነቃ ረፍዷል፤ እታለም በዚያው ቦታ ላይ በዚያው አቋቋም ቆማ ታየኛለች። ልቤ ድው አለ። ግን እህቴ ናት... እህትን ማን ይፈራል?

ከምሳ በኋላ ነው ነገሩን ያነሳችው።

"ዛሬ ምስለ ችሎት አለ" አለችኝ። "የመለማመጃ ፍርድ ቤት ነው። አንዱ ዳኛ ይሆናል፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ተከሳሽ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ እዚህ እንደዚህ ነው የሚቀበሉት።"

"እኔ ጠበቃ!"

"አንቺ ተከሳሽ ነሽ። ጠበቃሽ እኔ ነኝ።"

"ምን ሠርቼ?"

"የውሸት ነው አልኩሽ እኮ።"

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስሚኝ... ስትጠየቂ፣ ጥፋተኛ ነኝ በይ።"

"ለምን ሲባል?"

"ጥፋተኛ ነኝ ካልሽ ምስክር አይሰማም። ክርክር የለም። ቶሎ ይለቁናል። ተማሪው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ማን ከሰዓቱን እዚያ ቆሞ ይውላል?"

ይሄ እውነት ነው። ሕግ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል፤ ካመንክ ያጥራል፣ ከካድክ ይረዝማል። ለማሳጠር ብሎ ማመን የእኛ የተማሪዎች ብልጠት ነው።

"ቢያንስ ክሱ ይነበብልኝ እንጂ። መጽሐፉ ላይ..."

"ሚጡ።" እጄን ያዘችኝ። በረዶ ናት። "ስለ እኔ ብለሽ።"

ስለ እኔ ካለችኝ አለቀ። እሷም ታውቃለች።

ችሎቱ ታች፣ በመግቢያው ኮሪደር በኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባን። አግዳሚዎቹ በሰው ሞልተዋል። ተማሪዎች መሰሉኝ፤ በኋላ ግን ነገሩ ሸተተኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስልክ የያዘ የለም፣ የሚያስል የለም፣ ዘወር ብሎ ያየኝ የለም። ሁሉም ሁለት እጃቸውን አጣምረዋል።

እንደ እታለም...

የተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ። የእጅ መደገፊያው እንጨት ላይ፣ የብዙ ሰው መዳፍ ያጎደጎደው ሁለት ቦታ አለ። እጄን ሳሳርፍ ልክክ አለ።

ዳኛው ገቡ። ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ካባ ለብሰዋል፤ እጅጌው ረዝሞ እጃቸው አይታይም። አስተማሪ ናቸው ብዬ ፈገግ አልኩላቸው። እሳቸውም በጣም ደግ በሆነ ፊት አዩኝ።

"ተከሳሽ።"

"አቤት።"

"ጥፋተኛ ነሽ ወይስ አይደለሽም?"

ደነገጥኩ። ክሱስ? ገና ምን አደረግሽ ሳልባል?

"የተከበረው ፍርድ ቤት..." ብዬ ጀመርኩ።

"በይ..." አለች እታለም ከኋላዬ። በሹክሹክታ።

"ክሱ አልተነበበም እኮ!"

"በይው... ሚጡ... በይው..."

ዞሬ አየኋት። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። እኔ ሞኝ፣ በአስተማሪዎቿ ፊት ላሳፍራት ነው ብዬ አዘንኩላት። መጽሐፉን አውቃለሁ፣ አንቀጹን አውቃለሁ፣ ግን እህቴን ከመጽሐፍ በላይ አምናታለሁ።

"ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ።

ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ፣ ባንድ ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ይዘውት የነበረ የሚመስል ትንፋሽ ለቀቁ። ብርዱ ፊቴን መታኝ።

"ተከሳሿ አምናለች" አሉ ዳኛው። "ክሱን ማንበብ አያስፈልግም። የቀድሞዋ ተከሳሽ ተሰናብታለች።"

የቀድሞዋ?

እታለም ላይ ሳል ተነሳባት። ጎንበስ ብላ ስትስል ቀሚሷ ዓይኔ እያየ አረጀ። አንገቱ ሳሳ። ብብቱ ነጣ። ክርኑ ላይ ተቀደደ። የጠመኔው መስመር እንደ ዱቄት ረገፈ። ሦስት ዓመት ባንድ ትንፋሽ ወረደበት።

ጠረኗም መጣ። የገዛ እህቴ ጠረን... ከሳጥኑ ውስጥ ሆኜ ሸተተኝ።

"እታለም? ምንድን ነው? አልቋል አይደል? እንውጣ እንጂ!"

"ይቅር በይኝ።"

"ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?"

እጄን አንድ ጊዜ ጨበጠችው። እጇ ሞቋል፤ አሁን የቀዘቀዘው የኔ ነው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወጣች። መጀመሪያ በእርምጃ... በሩ ጋ ስትደርስ በሩጫ።

ተከተልኳት። ከሳጥኑ ዘልዬ ወጣሁ። የነካኝ የለም፣ የከለከለኝ የለም። ኮሪደሩን እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ እታለም ሻንጣዬን ከዘበኛው ወንበር ሥር እየጎተተች ነው።

"እታለም!"

ወጣች። እኔም እግሬን አንስቼ ደፉን ተሻገርኩ...

እግሬ ያረፈው የተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

እንደገና ሮጥኩ። እንደገና ተሻገርኩ። እንደገና እጆቼ እንጨቱ ላይ ልክክ አሉ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩት አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ፣ እሪ ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል።

"አባባ፣ በፈጠረዎት! እርዱኝ!"

"ሁሉም መጀመሪያ እንደዚሁ ነው፣ ልጄ" አሉ፣ ሳያዩኝ። "ይለመዳል።"

ደረጃውን ወጥቼ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። እታለም መንገዱን እየተሻገረች ነበር። አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋባት። ደንግጣ ዘለለች... ከዚያ ሳቀች። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሻንጣዬን ይዛ፣ በሙሉ ጥርሷ ሳቀች። እኔ መስታወቱን በጡጫ እደበድባለሁ፤ እሷ ትስቃለች።

ዞር ብላ አላየችኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከችሎቱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው የገደለኝ። ዳኛውን አላውቃቸውም፤ የማላውቀው ሰው ቢጎዳኝ ጎዳኝ ነው። እሷ ግን ፀጉሬን የሠራች እጅ ናት።

ደወልኩላት። አላነሳችም። ደወልኩላት። አላነሳችም። መንገድ ላይ ሆና፣ የአውቶቡስ ድምፅ እየተሰማ ነው በመጨረሻ ያነሳችው።

"ሃሎ..."

"ተመለሽ።"

"ሚጡ..."

"ሚጡ አትበይኝ! ተመለሽና አውጪኝ።"

"አልችልም።"

"ይግባኝ እላለሁ!"

ቀስ ብላ፣ እንደምታስጠናኝ ሆና፣

"ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው በጥፋቱ ላይ ይግባኝ አይልም። በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው።"

"እሺ ቅጣቴ ስንት ነው?"

"ለእኔም አልነገሩኝም።"

"ታዲያ አንቺ እንዴት ወጣሽ?"

የአውቶቡሱ ሞተር ብቻ...

"ሰው ጠራሁ" አለች። "የሚያምነኝ ሰው መሆን ነበረበት። የማያምነኝ ሰውማ ክሱ ይነበብልኝ ይላል።"

ክው አልኩ። ምላሴ፣ ያ ሰፈር ያወከ ምላሴ፣ ተሳሰረ። የወጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጉድ ሠራሽኝ፣ እታለም።"

"አውቃለሁ" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አይርበኝም። እንቅልፍም የለኝም። የስልኬ ባትሪ ካለበት አይወርድም። መቀመጥ እችላለሁ፤ ግን ስቀመጥ የሆነ ነገር ቅር ይለኛል፣ ሳላውቀው ተነስቼ እቆማለሁ። ተማሪዎች ሲያልፉ ሰላም እላቸዋለሁ። ግድግዳ ተለጥፈው ያልፉኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የትም ልሁን የት፣ ሳጥኑ ውስጥ ነኝ።

አንድ የአጎቴ ልጅ በዚህ መሐል ጽፋልኝ ነበር። እሷም ሕግ መማር ትፈልጋለች። "ግቢው እንዴት ነው? ልምጣ እንዴ?" አለችኝ። ጣቴ "ነይ" የሚለው ቃል ላይ ደረሰ... እምላችኋለሁ፣ ደረሰ። የአጎቴ ልጅ ታምነኛለች። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያን ቀን እታለም ትንሽ ገባችኝ፤ ስለገባችኝም የባሰ ጠላኋት። "አትምጪ" ብዬ ጻፍኩላት፤ ለምን ብላ ብትጠይቀኝም አልመለስኩም።

የቀረኝ ተስፋ አንድ ነበር። እማዬ።

እስካሁን ያልደወልኩላት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እማዬ ብታውቅ በእግሯም ቢሆን አገር አቋርጣ ትመጣለች፣ የዳኛውን ካባ በመቀሷ ትተለትለዋለች ብዬ አስብ ነበር። ልጅ ነኝና እናቴ የማትችለው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ ደወልኩላት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው።

"እማዬ..."

ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ይሰማል። ድምፄን ስትሰማ መኪናው ቆመ።

"እማዬ፣ እታለም ደረሰች?"

"ደረሰች።"

"ስለ እኔ ምን አለችሽ?"

የመኪናዋ መርገጫ አንዴ ተሰማና ቆመ።

"እማዬ? ትሰሚኛለሽ? ወጥመድ ውስጥ ነኝ፣ እህቴ..."

"ተኝታለች" አለች እማዬ፣ በሹክሹክታ። "እንዳትቀሰቅሺያት ድምፅሽን ቀንሺ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትተኛ ነው የኖረችው፤ ቆማ እኮ ነው የከረመችው፣ የኔ ልጅ..."

ስለ መቆሟ እኔ አልነገርኳትም።

እጇ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቀሚሶች ታዩኝ። አውቶቡሱ ጋ ያቀፈችኝ አስተቃቀፍ ታየኝ።

"እማዬ... ታውቂ ነበር?"

"አንቺ ጠንካራ ነሽ።"

"ታውቂ ነበር ወይ ነው የምልሽ!"

"ከልጅነትሽ ጀምሮ ጠንካራ ነሽ። እሷ ናት ደካማዋ። እሷ ከዚህ በላይ አትችልም ነበር። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ምረጪ ስባል ምን ላድርግ?"

"ማነው ምረጪ ያለሽ?"

መቀሷን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

"እማዬ፣ ለክተሽ ነው የላክሽኝ! ቁመቴን ለክተሽ!"

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷም ታለቅስ ነበር፣ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል። ግን "ልምጣ" አላለችኝም። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ለወጉ ያህል እንኳ፣ "መጣሁልሽ" አላለችኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ እጄ እንጨቱ ላይ አረፈ። ሳጥኑ ውስጥ ነኝ። አግዳሚዎቹ ዛሬ ባዶ ናቸው። ዳኛውም አልገቡም። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች።

ከፊት ለፊቴ፣ የከሳሽ ጠረጴዛ ጋ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የልብስ መለኪያ ሜትር ያንጠለጠለ አንገቷን ደፍታለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ታለቅሳለች።

"አይዞሽ..." ትላለች እማዬ በስልኩ። "አይዞሽ፣ የኔ ልጅ... ትችይዋለሽ..."

ስልኩን ቀስ ብዬ ከጆሮዬ አወረድኩት።

ድምፅዋ አልራቀም።

ዘጋሁት።

"ትችይዋለሽ" አለች ሴትየዋ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ሳትዞር አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችና፣ ቆማ የከረመች ልጅ እንደምትቀመጥበት ሁሉ፣ በመዳፏ አቧራውን ታራግፍለት ጀመር።